«ሞራውን ከማን አመጣሽው?»

ስለ ሳሙና ልጽፍላችሁ ነው የተቀመጥኩት። «ስለ ሳሙና ደግሞ ምን ይወራል?» የሚል ካለ አልፈርድበትም፤ እኔም እስከዚያ ሳምንት ድረስ የማስበው እንደዚያው ነበር። ሳሙና ለእኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት የሚጻፍ ነገር ነው። ስብና ካስቲክ ሶዳ በዚህ በኩል ይገባሉ፣ ሳሙና በዚያ በኩል ይወጣል። ፈተና ላይ ይመጣል፣ ተማሪ ይሳሳታል፣ እኔ በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበታለሁ። አለቀ።

ሰናይት እባላለሁ፤ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። አያቴ ከደጋ ወደ ድሬዳዋ የመጡት በባቡሩ ሥራ ነው፤ አባቴም እዚያው ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሮ ጡረታ ወጣ። እኔ ሳቢያን ሰፈር ተወልጄ፣ ሳቢያን አግብቼ፣ ሳቢያን እኖራለሁ። ያን ጊዜ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ትዕቢተኛ ነበርኩ። ክፉ አልነበርኩም፤ ግን የማውቀው ነገር ለሁሉም ሰው፣ በሁሉም ቦታ የሚበቃ ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴ «አንቺ እኮ ሽሮ ስታማስዪም ማስታወሻ ያዙ የምትዪ ነው የሚመስለው» እያለ ይቀልድብኛል። እኔ ግን እንደ ሙገሳ ነበር የምወስደው።

የድሬን ጎርፍ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልንገረው። እኛ ጋ ወንዙ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። ዝናቡ የሚዘንበው ከላይ ደጋው ላይ ነው፤ እኛ ሰማዩ ጠርቶ፣ በላብ ተጠምቀን ማራገቢያ ስር ተቀምጠን ሳለን ውሃው ድንገት ይደርሳል። ያን ማክሰኞም ከሰዓት በኋላ እንዲሁ መጣ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰዉ ድምፁን ሰምቶ በጊዜ ሸሸ። ወንዙ ዳር ያሉትን የመጋላ ሰፈር ቤቶች ግን ጭቃ ሞልቶ፣ ሽንት ቤቱን ገልብጦ፣ የውሃ ቧንቧውን ሰባብሮ አለፈ። ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ክረምት ስለነበር ባዶ ወደነበረው ትምህርት ቤታችን ገቡ። እኔ በየቀኑ «ዝም በሉ!» የምልበት ክፍል ውስጥ አምስት ቤተሰብ ፍራሽ ዘርግቶ ተኛ።

ሐሙስ ጠዋት ልረዳ ብዬ ስሄድ የጤና ባለሙያዋን ሲስተር አልማዝን በር ላይ አገኘኋት። ከደጋ በቅርብ የተዛወረች፣ ሙቀቱ ገና ያልተዋሐዳት ልጅ ናት።

«ሦስት ልጆች ተቅማጥ ጀምሯቸዋል» አለችኝ፣ ሰላም እንኳን ሳትለኝ። «ሽንት ቤቱ ሁለት ነው፣ ሰው በሰው ላይ ነው። ካልታጠቡ አንዱ ላንዱ ያስተላልፋል።»

«ሳሙናስ?»

«የመጣው ትናንት አለቀ። ሌላው መንገድ ላይ ነው ይላሉ። መንገዱ ደግሞ ተቆርጧል።»

«እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ።

ዞር ብላ አየችኝ። «ምኑን?»

«ሳሙናውን። ላቦራቶሪ ውስጥ ካስቲክ ሶዳ አለ። የጎደለኝ ስብ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ሳሙና ይኖርሻል።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሰው ቤቱን ባጣበት ቦታ ላይ ቆሜ፣ ለአሥር ዓመት ያስተማርኩት ነገር በመጨረሻ ሊጠቅም ነው ብዬ ፈነደቅኩ። በቀጥታ ባጃጅ ይዤ ወደ ሳቢያን፣ ሁልጊዜ ሥጋ ወደምንገዛበት ወደ ጋሽ በቀለ ሥጋ ቤት ሄድኩ። ጋሽ በቀለ የጎርፉን ወሬ ሰምቶ አዝኖ ነበር፤ ሞራውን ሁሉ ሰብስቦ «ለነዚያ ሰዎች ከሆነ ውሰጂው» ብሎ በነፃ ሰጠኝ። ቤቴ ወስጄ አቀለጥኩት፣ አጠለልኩት፣ በባልዲ አድርጌ ተመለስኩ። ባልዲው ውስጥ ያለው ነገር ንጹህ፣ ነጭ፣ ጠረን የሌለው ስብ ነበር። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ጊዜ እንኳን ሌላ ነገር ወደ ሐሳቤ አልመጣም።

ግቢው ውስጥ ሴቶቹን ያሰባሰበችልኝ አዴ ኑሪያ ናት፤ «አዴ» እኛ ጋ እናት ማለት ነው። ስድሳን ያለፈች፣ መጋላ ውስጥ ሳምቡሳና ባጅያ በመጥበስ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት፤ ጎርፉ ቤቷንም መጥበሻዋንም ወስዶባታል። ከመጣች በሁለት ቀን ግን ግቢውን ማን እንደሚያስተዳድር ግልጽ ነበር፤ ውሃ ተራ የምታስይዘው፣ የተጣላ የምታስታርቀው እሷ ናት።

«አዴ፣ ዛሬ አንቺ ነሽ ዋና አማሳይዋ» ስላት ሲስተር አልማዝ በእናቴ ዕድሜ ያለችን ሴት አንቺ ማለቴን ሰምታ ዓይኗ ፈጠጠ። እሷ ምን ታድርግ፣ አገሯ አይደለም። ድሬ ውስጥ አንቱታ የኩርፊያ ምልክት ነው፤ አዴ ኑሪያን አንቱ ብላት «ምን አስቀየምኩሽ?» ብላ ነው የምትጠይቀኝ።

አንዲት ሴት ከጎርፉ ያዳነችውን ትልቅ የአልሙኒየም ድስት ተሸክማ መጣች። «በዚህ እንሥራ ቲቸር፣ የሠርጌ ነው» አለች። ሶዳው አልሙኒየም እንደሚበላ ነግሬያት በብዙ ምስጋና መለስኩላት፤ በምትኩ የብረት በርሜል ግማሽ ተገኘ። ሶዳውን ወደ ውሃው ስጨምር ሁሉም ወደ ኋላ እንዲሉ አደረግሁ። «ሁልጊዜ ሶዳው ነው ውሃ ላይ የሚጨመረው፤ ውሃው ሶዳ ላይ ከተጨመረ ይፈነዳል!» ብዬ ጮኽኩ። እሳቱ ላይ ከተጣደ በኋላ ግን ሥራው የእነሱ ሆነ። አዴ ኑሪያ ማማሰያውን ይዛ፣ «በቀኝ የጀመርሽ በቀኝ ጨርሺ» እያለች ለተረኞቹ ታስተላልፋለች። ወዴትም ቢማሰል ለውጥ እንደሌለው ልነግራት ፈልጌ ተውኩት። ያ ለእኔ ትልቅ ትዕግሥት ነበር።

ከሁሉ በላይ የደከመችው ዘሃራ ናት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የሁለት ዓመት ልጇ ከድር ከታመሙት ከሦስቱ አንዱ ነበር። ልጁ ክፍሉ ውስጥ ከአያቱ ጋር ተኝቶ እሷ በርሜሉን አልለቅም አለች። ስቡ እየተረጨ ክንዷንና ቀሚሷን ሲነካት በእጇ እየጠረገች ታማስላለች።

«ተቀመጪ እንጂ፣ ደከመሽ» አልኳት።

«ከደረሰ ለከድር ነው ቲቸር። እኔ ነኝ ማማሰል ያለብኝ።»

ወደ ማታ ገንፎ መስሎ ወፈረ። ካርቶን ውስጥ ፌስታል አንጥፈን ገለበጥነው። እኔ ቤቴ ስሄድ በባጃጁ ውስጥ እንጉርጉሮ እያንጎራጎርኩ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሲቆረጥ ብታዩት! እንደ አይብ ነጭ ነው። ሴቶቹ እየተቀባበሉ ያሸቱታል፣ ይስቃሉ፤ አንዷ «ማሻአላህ፣ ከሱቁ ይበልጣል» ትላለች። ሲስተር አልማዝ የሽንት ቤቱ በር ላይ የተበሳ ጀሪካን አሰቅላ ጨርሳለች። የቀረው ሳሙናውን በሽንኩርት ከረጢት መረብ አድርጎ አጠገቡ ማንጠልጠል ብቻ ነው። አዴ ኑሪያ አንዱን ቁራጭ አንስታ መዳፏ ላይ አገላበጠችው።

«እንዴት ያምራል» አለች። «ሞራው ጥሩ ሞራ ነው። ከማን ነው ያመጣሽው? መጋላ ያሉትን ሥጋ ሻጮች ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ላመስግነው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በአገራችን ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፣ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። ድሬ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም፤ የመጋላ ሥጋ ቤት ደግሞ የእስላም ነው። በእኔ ሠርግ ላይ ሁለት ድንኳን ተጥሎ፣ ሁለት በሬ በሁለት እጅ ታርዶ፣ ድስቱና ጭልፋው ሳይነካካ ነው ሰው በልቶ የጨፈረው። የእስላም ጎረቤቴን ልጅ በቤቴ ስጋብዛት እንቁላል ነው የምጠብስላት። ይህ ሁሉ ደሜ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ታዲያ ምን ነካኝ? ሥጋ ብገዛላቸው ኖሮ መቶ ጊዜ አስብ ነበር። ሳሙና ስለሆነ ግን አስተማሪዋ ተነሥታ የድሬዋን ሰናይት ከውስጤ አስወጣቻት። እነሱም የድሬ ልጅ ናት፣ ታውቃለች ብለው ነው ባልዲውን ሳይጠይቁ የተቀበሉኝ።

መልሴን የሚጠብቁት ፊቶች ሁሉ ደስተኞች ነበሩ። ሲስተር አልማዝ አጠገቤ ናት፤ ፊቴን አይታ ነገሩ ገባት። በክርኗ ነካ አደረገችኝና በጆሮዬ «ከመጋላ በያቸው። ልጆቹ ታመዋል እኮ!» አለችኝ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልላት ነበር። «ከመጋላ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ተቀምጧል። ማን ያውቃል? ማንም። ደግሞ ምክንያቴ ብዙ ነው፦ ሳሙና አይበላም፤ ስቡም አሁን ስብ አይደለም፣ ተለውጦ ሌላ ነገር ሆኗል፤ ከድር ታሟል፤ ነገ ስንት ልጅ እንደሚታመም አይታወቅም። አንዲት ትንሽ ቃል ተናግሬ ይህን ሁሉ ማዳን እችላለሁ። ክፉ ሰው ሆኜ ሳይሆን ደግ ሰው ሆኜ ልዋሽ ነበር።

ከዚያ ዘሃራን አየኋት። ለከድር የመረጠችውን ቁራጭ በሁለት እጇ ይዛ፣ በትልልቅ ዓይኖቿ አፌን አፌን እያየችኝ ነበር።

«ከሳቢያን ነው አዴ» አልኩ። «ከጋሽ በቀለ ሥጋ ቤት። የክርስቲያን ነው። አላሰብኩትም። ወላሂ አላሰብኩትም።»

ማንም አልጮኸም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ በአንድ ቁራጮቹን ካርቶኑ ውስጥ መለሱ። ቀስ ብለው ነው የመለሱት፣ አልወረወሩም። ዘሃራ የመጨረሻዋ ናት። እጆቿን እንደ ባዕድ እጅ ከሰውነቷ አርቃ ይዛ ቆመች።

«ቲቸር፣ እኔ በዚህ እጅ ነው ያማሰልኩት» አለች። «ልብሴም ላይ ነበር። ዛሬ ጠዋት እንዲሁ ሰግጃለሁ።»

«ዘሃራ፣ ስቡ እኮ ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ይለወጣል፤ አሁን ያ የነበረው ነገር አይደለም፣ ሞለኪዩሉ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ቲቸር» አለች አዴ ኑሪያ፣ ሳትቆጣ። «ተዪው።»

«ሼኹን ብንጠይቅስ?» አለች ሲስተር አልማዝ። «ምናልባት ይቻላል ይሉ ይሆናል።»

«ይሉ ይሆናል። አይሉም ይሆናል። እኔ ሼኽ አይደለሁም» አለች አዴ ኑሪያ። ከዚያ በአገጯ ወደ ሴቶቹ አመለከተች። «እስቲ እያቸው። ይቻላል ቢባሉ ዛሬ አንቺ በር ላይ ቆመሽ ስታዪ ይታጠቡበታል። ነገ አንቺ ስትሄጂ አይነኩትም። ልጁን ከሽንት ቤት ስታወጪው ልብሽ እየከበደሽ የምታነሺው ሳሙና ምን ይሠራል?»

ዘሃራና ሌሎቹ ልብሳቸውን ሊያጥቡ ሄዱ። አዴ ኑሪያ ሦስት ሴቶች አስከትላ፣ አንድ ቃል ሳትነግረኝ በግቢው በር ወጣች። ወዲያው የከድር አያት ከክፍሉ እየጮኸች መጣች፤ ልጁ ዓይኑ ጎድጉዶ ልፍስፍስ ብሏል። ሲስተር አልማዝና ዘሃራ በባጃጅ ይዘውት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጡ። እኔ ከካርቶን ሙሉ ነጭ ሳሙና ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የረዘመ ዓርብ አላየሁም። የገዛ ክፍሌ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። የጁምዓ ሶላት ጥሪ ተሰማ፣ አለቀ። ፀሐይዋ ጥላዬን በላችው፣ እኔ ግን ከቦታዬ አልተነሣሁም። ሴቶቹ በአጠገቤ ሲያልፉ «ቲቸር፣ ውሃ ጠጪ እንጂ» ይሉኛል፤ ደግነታቸው ደግሞ የባሰ አንገበገበኝ። ዳግመኛ ከእጄ ምንም ነገር አይቀበሉም ብዬ አሰብኩ። ሳሙና ብቻ መስሏችሁ ነው? «ታጠቡ» የሚለው ምክር ራሱ አብሮ እንዳይቆሽሽ ፈራሁ። ሲስተር አልማዝ ነገ «እጃችሁን ታጠቡ» ስትላቸው የሚታወሳቸው ያ ሞራ ቢሆንስ? ከድር ደግሞ አንድ ነገር ቢሆንስ? አለቀስኩ። ሙቀቱ እንባዬን ወዲያው ነው የሚያደርቀው፣ ስለዚህ ማንም አላየኝም ብዬ ተጽናናሁ።

ከሰዓት በኋላ የሚሰገደው የዐስር ሶላት ካለፈ በኋላ አንድ ባጃጅ ግቢው ውስጥ ገብቶ ቆመ። መጀመሪያ የወጣው ቢጫ ጀሪካን ነው። ከዚያ ሌላ ጀሪካን። ከዚያ ሌላ። ከሁሉም ኋላ አዴ ኑሪያ እያለከለከች፣ እግሯን እየረገመች ወረደች።

«ማልቀስ ጨረስሽ?» አለችኝ።

«አላለቀስኩም።»

«ዓይንሽ እኮ የኔን ሽንኩርት ስትልጪ የዋልሽ ይመስላል።» አንዱን ጀሪካን በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። «ተነሽ። ይሄ ይሆናል ወይስ አይሆንም?»

ክዳኑን ከፈትኩት። ቡናማ፣ የወፈረ ዘይት ነው፤ ሽታው ግን... መጋላ ገበያ በሙሉ ጀሪካኑ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ድንብላል፣ የተጠበሰ ሊጥ።

«አዴ፣ ምንድን ነው?»

«የሳምቡሳ ዘይት። የባጅያም አለበት። መጋላ ውስጥ ከሚጠብሱት ሁሉ በር በበር ዞሬ ለመንኩ። ሁለት ሦስት ቀን ከተጠበሰበት በኋላ እኛ የምንደፋው ነው። ሥጋ የነካውን እንኳን ከማን ሥጋ እንደሆነ እየጠየቅኩ ነው የተቀበልኩት። አንቺ ስብ ያስፈልጋል አላልሽም? ይሄ ስብ አይደለም እንዴ?»

ምን ልበላችሁ፣ እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። «ይሆናል» አልኩ። «ግን በዘይት ሠርቼ አላውቅም። የሶዳው መጠን ይለያል። ደግሞ ይህ ሽታ...»

«ሶዳው ያንቺ ነው፤ ሽታው የኔ ነው» አለች። «በቃ ቶሌ፣ እሺ በይና ተነሽ።»

ቅዳሜ ከማለዳ ጀምረን ሠራን። እሷ ዘይቱን ከጨው ውሃ ጋር አፍልታ አስተኛችው፣ ቆሻሻው ወደታች ሲወርድ ከላይ ያለውን ቀዳች፤ ከዚያ ድንች ከትፋ ጠበሰችበት። «ድንች ሽታ ይጠጣል» አለች። በመጽሐፍ አላነበብኩትም፤ ግን ሽታው በግማሽ ቀነሰ። እኔ ደግሞ ሶዳውን ሁለት ጊዜ አሰላሁ። መጀመሪያ በትንሽ ጣሳ ሞከርኩ፤ አልያዘም። ውሃ ሆኖ ቀረ። የቀረኝ ሶዳ ደግሞ ለአንድ በርሜል ብቻ የሚበቃ ነበር። አዴ ኑሪያ ግን ጣሳውን አየት አደረገችና «ሊጥም ወዲያው አይነሣም፤ ቁጭ በይ» አለችኝ። ቁጭ አልኩ። ለቀትር ሲቃረብ ጣሳው ውስጥ ያለው ነገር ወፈረ፣ ማንኪያ አቆመ።

በርሜሉ ተጣደ። ማን እንደሚያማስል ጨነቀኝ፤ ዘሃራ ጤና ጣቢያ ናት፣ ሌሎቹ ይመጡ እንደሆነ አላወቅሁም። አዴ ኑሪያ ጀሪካኑን ከፍታ «ኑ አሽትቱ! የራሳችሁን ዘይት እወቁት!» ብላ ተጣራች። አንዷ መጣችና አሽትታ «ይሄማ የሃሊማ ባጅያ ነው!» ስትል ግቢው በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ለማማሰያው ሰልፍ ነበር።

እሑድ ጠዋት የተቆረጠው ሳሙና ቡናማና ለስለስ ያለ ነበር፤ ከዓርቡ ሳሙና ጋር ሲነጻጸር በመልክ አይደርስበትም። ሶዳው በደንብ መሞቱን ለማረጋገጥ በምላሴ ጫፍ ነካ አደረግሁት፤ ካቃጠለ አልበሰለም ማለት ነው። አላቃጠለም። ልጆቹ ግን አይተውኝ «ቲቸር ሳሙና በላች!» እያሉ ግቢውን ዞሩ፤ ይህ ስም እስከ ዛሬ መጋላ ውስጥ ይከተለኛል።

መረቡ ውስጥ ተደርጎ ጀሪካኑ አጠገብ ተንጠለጠለ። ሁላችንም ቆመን እናያለን፤ ማንም የመጀመሪያ መሆን አልፈለገም። አዴ ኑሪያ እጅጌዋን ሰብስባ ቀረበች። ሳሙናውን ያዘች፣ በጣቶቿ መካከል፣ በጥፍሮቿ ስር፣ እስከ አንጓዋ ድረስ አሻሸች። አረፋው ግራጫ ሆኖ በክርኗ ወረደ። ታጠበች፣ እጇን አሸተተች፣ ፊቷ ፈካ።

«ሥራዬን አገኘሁ» አለች። «እጄ የኔን እጅ ይሸታል።»

ከዚያ ነው በሩ ላይ ዘሃራን ያየኋት። ከድር ትከሻዋ ላይ ነው፤ ከስቷል፣ ግን ዓይኖቹ ተከፍተው እዚያም እዚህም ያያሉ፤ ብስኩት በእጁ ጨብጧል። ዘሃራ ምንም አልጠየቀችኝም። አዴ ኑሪያን ብቻ አየቻት፤ አዴ ኑሪያም አንገቷን ነቀነቀች። ዘሃራ መጣች፣ የራሷን እጅ ታጠበች፣ ከዚያ የከድርን ትንሽ እጅ በሳሙናው አሸችው። ልጁ እጁን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ «ሳምቡሳ!» ብሎ ሲጮኽ ሁላችንም ሳቅን። እኔ እየሳቅሁ አለቀስኩ፤ በዚህኛው አላፈርኩም።

ከዚያ በኋላ ልጆቹን ታጠቡ ማለት አላስፈለገም። እጃቸውን እያሸተቱ ለመሳቅ ሲሉ በቀን አሥር ጊዜ ይታጠባሉ፤ የእኛ ችግር ሳሙናው ቶሎ ማለቁ ሆነ። ከዚያ ግቢ አዲስ የታመመ ልጅ ይዛ የሄደች እናት አልነበረችም። ነጩ ሳሙናስ? ልጥለው ስል የከለከለችኝ አዴ ኑሪያ ናት፤ «ሦስተኛው ክፍል ያሉት ክርስቲያኖች አይደሉም እንዴ? ስጫቸው እንጂ፣ ሲሳይ አይደፋም» አለችኝ። ሰጠኋቸው። በሳምንቱ ግን የእነሱ ልጆችም ሳምቡሳውን ካላገኘን ብለው አለቀሱ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ የተወሰኑ ዓመታት አልፈዋል። አሁንም አስተምራለሁ፣ አሁንም ቀስቱን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ግን ከቀስቱ በፊት ተማሪዎቼን አንድ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ፦ «ይህን ማን ይነካዋል?» ስለ ንጽሕና የሚያስተምር ሰው መካከላችሁ ካለ፣ እኔን ያየ ይቀጣ። ሰው እጁን የማይታጠበው ስላላወቀ ነው ብላችሁ አትነሡ። ለምን እንዳልነካው ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ያልጠየቃችሁት እናንተ ናችሁ። ደግሞ ስትሳሳቱ፣ መሳሳታችሁ አይቀርም፣ በደግነት የሚዋሽ ውሸት ምላሳችሁ ላይ ሲመጣ የአንድን ሰው ዓይን ፈልጋችሁ እዩ። እኔ የዘሃራን ባላይ ኖሮ ምን ዓይነት ሰው ሆኜ እንደምኖር አላውቅም፤ ማንም ሳያውቅብኝ የምኖር ሰው፣ ምናልባት።

ሰዎቹ ቤታቸውን ጠግነው ወደ መጋላ ሲመለሱ ሴቶቹ ሥራውን ይዘውት ሄዱ። የአዴ ኑሪያ ግቢ ውስጥ በየሳምንቱ ቅዳሜ ይበስላል። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ሲከፋፈሉ እኔም ተጠርቼ ነበር። እሳቱን፣ መቁረጡን፣ ለጎረቤት ማደሉን ተከፋፈሉት። የቀረው ዘይቱን ከየመጥበሻው እየዞሩ የማምጣት ሥራ ነው፤ የከበደውም እሱ ነው፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይቆማል። እኔ ለራሴ «ይህን እንኳን ከኔ ያርቁታል» ብዬ ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ።

«ዘይቱን ቲቸር ታምጣው» አለች አዴ ኑሪያ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «አዴ፣ እኔ?» አልኩ። «ከሁሉ እኔን? እዚህ ስንት የመጋላ ልጅ እያለ?»

«ኤ፣ እነሱ የኔ ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ» አለች፣ የሻሿን ጫፍ እያስተካከለች። «ቢሳሳቱ ግን እኔን እንዳያሳዝኑኝ ብለው ይደብቁኛል። አንቺ ልጆች ታመው፣ ሳሙናው ተቆርጦ፣ ሁላችን ስንስቅ ነገርሽኝ። ስለዚህ አንቺ ያመጣሽውን ዘይት እኔ አልጠይቅበትም።»

ያው ሄድኩ። አሁንም ዓርብ ዓርብ ጀሪካኔን ይዤ በየመጥበሻው እዞራለሁ። ስመለስ አዴ ኑሪያ በር ላይ ተቀምጣ ታገኘኛለች። እኔ የእያንዳንዱን ጀሪካን ታሪክ፣ ማን ምን እንደጠበሰበት፣ አንድ በአንድ እነግራታለሁ። እሷ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።